ድሉ የቀደመ፣ ፈተናው የተከተለ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር

ልናገርበት ያሰብኩት ነገር በ2023 የወጣው «ግራን ቱሪስሞ» የተባለው የሲኒማ ፊልም ነው። ምናልባት ከመካከላችን «ለእንዲህ ያለ ትልቅ በዓል የሲኒማ ወሬ ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ፊልሙ የሚናገረው ስለ አንድ ወጣት ልፋትና ዕድል ስለ ሆነ፣ ዘንድሮ ከዚህ ግቢ ተሰናብተን ለምንወጣው ተማሪዎች የሚነግረን ነገር አለው። ከሚነግረን ነገር ይልቅ ደግሞ ሳይነግረን የቀረው የሚበልጥ መስሎ ስለ ታየኝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ፊልሙን ላላዩት ወላጆች ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። «ግራን ቱሪስሞ» ማለት አስቀድሞ የፊልም ስም አይደለም፤ የቪዲዮ ጨዋታ ስም ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ካዙኖሪ ያማውቺ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣው በ1997 ነው። ተጫዋቹ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ መኪና ይነዳል፤ የሚነዳቸውም መኪናዎችና ብዙዎቹ የውድድር መንገዶች በእውነት በዓለም ላይ ያሉ ናቸው። በ2008 ኒሳን የተባለው የመኪና ፋብሪካና ሶኒ የተባለው ኩባንያ ተባብረው፣ ይህን ጨዋታ ከሚጫወቱት ወጣቶች መካከል የላቁትን መርጠው በእውነተኛ መኪና የሚያሠለጥኑበት የውድድር ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ስሙንም «ጂ ቲ አካዳሚ» አሉት።

የፊልሙ ባለታሪክ ያን ማርደንበራ የሚባል እንግሊዝ አገር የተወለደ ወጣት ነው። ያደገው የዌልስ ዋና ከተማ በሆነችው በካርዲፍ ነው። አባቱ ደመወዝ እየተከፈለው ይጫወት የነበረ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። የመኪና እሽቅድምድም ከሁሉ ስፖርት ይልቅ ገንዘብ የሚበላ ስለ ሆነ፣ የሀብታም ልጅ ያልሆነ ሰው በተራ መንገድ ሊደርስበት የማይችል ነገር ነው። ያንም እንደ ብዙ ልጆች በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በጨዋታው መሪ ላይ ቀረ። በ2011፣ ዕድሜው 19 ዓመት ሲሆን፣ 90,000 ያህል ተወዳዳሪዎች በተመዘገቡበት ውድድር አንደኛ ወጣ። ከዚያም ሠልጥኖ በጃንዋሪ 2012 በዱባይ የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ሦስተኛ ከወጣው ቡድን ነጂዎች አንዱ ሆነ።

ፊልሙን ያዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ኒል ብሎምካምፕ ነው። ያንን ሆኖ የሚጫወተው አርቺ ማዴክዌ፣ አባቱን ሆኖ የሚጫወተው ቤኒን የተወለደው ጂሞን ሁንሱ፣ አሠልጣኙን ሆኖ የሚጫወተው ዴቪድ ሃርበር ነው። በጣም የሚያስገርመው ነገር ግን እውነተኛው ያን ራሱ በፊልሙ ሥራ ላይ መሰማራቱ ነው። አደገኛ በሆኑት የመኪና ትርኢቶች ላይ ራሱን መስሎ የሚሠራውን ተዋናይ ተክቶ መሪውን የያዘው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ከፊልሙ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ጨዋታ እንኳ በትጋት ከተያዘ እውቀት ሊሆን እንደሚችል ነው። መኪና በፍጥነት መንዳት ቤንዚን መስጫውን ረግጦ መያዝ ብቻ አይደለም። ነጂው ወደ ኩርባው ከውጭ በኩል ይቀርባል፤ በመካከሉ የውስጡን ጠርዝ ይነካል፤ ሲወጣ እንደ ገና ወደ ውጭ ይሰፋል። እንዲህ ሲያደርግ ጠባቡ ኩርባ ይሰፋለታል፣ ፍጥነቱም ብዙ አይቀንስበትም። ፍሬኑን የት ቦታ መያዝ እንዳለበት፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ በቃሉ ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ ያን በመኝታ ክፍሉ ውስጥ በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ተምሮታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በሱ ላይ ሲፈጸም እናያለን።

በዚህ ነገር እኛ በክፍላችን ደጋግመን የሰማነው የዳዊትና የጎልያድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ዳዊት ወንጭፍን የተማረው በጦር ሠራዊት ውስጥ አልነበረም፤ በጎች ሲጠብቅ ነው። ወንድሞቹ የናቁት እረኛ፣ በበረሃ ብቻውን የተለማመደው ነገር በሠራዊት ፊት ዋጋ አገኘ። ያንንም አንዳንድ የእሽቅድምድም ሰዎች «የቴሌቪዥን ነጂ» እያሉ ሲንቁት፣ እሱ ግን የለመደውን ወንጭፍ ይዞ ወደ ሜዳው እንደ ወረደ ፊልሙ ያሳያል።

እዚህ ላይ ግን ለጓደኞቼ አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ነገ ማታ አባቶቻችን «ጨዋታውን ዝጋና አጥና» ሲሉን «አባባ፣ እኔ እኮ ልምምድ ላይ ነኝ» ብለን እንዳንመልስ! ከ90,000 ተወዳዳሪዎች አንዱ አሸነፈ፤ የቀሩት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ደግሞም ያ መሰላል የተተከለው ለበጎ አድራጎት ሳይሆን መኪናና ጨዋታ ለመሸጥ ጭምር ስለ ነበረ፣ የተከሉት ሰዎች በ2016 አንሥተውታል። ልፋት ብቻውን አይበቃም፤ የሚወጣበት መሰላልም ያስፈልጋል። ስለዚህ «ደካማው ብቻውን ታግሎ አሸነፈ» የሚለውን አነጋገር በሰማን ጊዜ ሁሉ፣ መሰላሉን ማን ተከለው፣ ማንስ ያዘለት ብለን መጠየቅ ይገባናል። እኛንም እዚህ ያደረሱን በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት መምህራንና ወላጆች ናቸው።

ክቡራን እንግዶች፣

ሁለተኛው ነገር፣ ለመናገር ያነሣሣኝም ዋናው ነገር፣ የሚከተለው ነው። ፊልሙ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ነው የቀረበው። በፊልሙ ውስጥ ያን በጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ በተባለው የውድድር ቦታ መኪናው ከመሬት ተነሥታ ትገለበጣለች፤ አንድ ተመልካች ይሞታል። ያን በኀዘን ይሰበራል፤ መንዳት ሊተው ይደርሳል። አሠልጣኙ ግን ወደዚያው ቦታ ወስዶ መልሶ መሪ ያስይዘዋል። ከዚያም በፈረንሳይ አገር በሌ ማን በሚደረገው ታላቅ የ24 ሰዓት ውድድር ገብቶ፣ ከአካዳሚ ጓደኞቹ ጋር በምድቡ ሦስተኛ ሆኖ ከሽልማቱ ሰገነት ላይ ይወጣል። ተመልካቹም እንባውን እየጠረገ ከአዳራሹ ይወጣል። መከራው ወደቀበት፣ መከራውን አሸነፈ፣ ዘውዱን ተቀበለ፤ ታሪኩ በዚህ ተፈጸመ።

የሆነው ነገር ግን እንዲህ አይደለም። የሌ ማን ውድድር የተደረገው በጁን 2013 ነው። የኑርቡርግሪንግ አደጋ የደረሰው መጋቢት ላይ፣ ይኸውም በማርች 28 ቀን 2015 ነው። እንግዲህ ድሉ ከአደጋው በፊት ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተፈጽሞ ያለቀ ነገር ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሞቱ ያንን ለሌ ማን ድል የሚያነሣሣው ያ ተመልካች፣ የሌ ማን ውድድር በተደረገበት ቀን በሕይወት ነበር።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ልናገረው አስፈላጊ መስሎ ይታየኛል፤ ሰውዬው በዚያን ቀን በሕይወት ነበር።

የአደጋው ነገር እንዲህ ነው። የኑርቡርግሪንግ የሰሜኑ ጎዳና ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በጫካና በኮረብታ መካከል የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። ከቦታዎቹ አንዱ «ፍሉግፕላትስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። እዚያ መንገዱ ኮረብታ ወጥቶ ድንገት ወደ ታች ስለሚወርድ መኪናዎች ይቀላሉ። በዚያን ቀን የያን መኪና አፍንጫዋ ተነሣ፤ ነፋሱ ከሥሯ ገብቶ አነሣት፤ ተገልብጣም የመከላከያውን አጥር አልፋ ተመልካቾች ወዳሉበት ወደቀች። አንድ ሰው ሞተ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ከዚህ በኋላ አስተዳዳሪዎቹ በዚያ ጎዳና በአንዳንድ ቦታዎች የፍጥነት ወሰን አደረጉ፤ መንገዱንም አሻሻሉ። በጨዋታው ውስጥ መኪና ቢገለበጥ ቁልፉን ተጭኖ እንደ ገና መጀመር ይቻላል። በዚያ አጥር አጠገብ ግን እንደ ገና የሚያስጀምር ቁልፍ አልነበረም።

ስለ ሌ ማንም ቢሆን እውነቱ ከፊልሙ ይለያል። ያ ውድድር ከ1923 ጀምሮ የሚደረግ ሲሆን፣ የአንዱ ዙር ርዝመት ከ13 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ በአንድ መኪና ሦስት ነጂዎች እየተፈራረቁ ሌሊትና ቀን ይነዳሉ። በ2013 የያን ጓደኞች የነበሩት ሁለቱም ከጨዋታ የመጡ አልነበሩም። አንዱ በ2008 የአካዳሚው የመጀመሪያ አሸናፊ የነበረው እስፓኛዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ ነው፤ ሌላው ግን ብዙ ዘመን በእሽቅድምድም የኖረው ጀርመናዊው ሚካኤል ክሩም ነው። ውድድሩንም በምድባቸው በአራተኛነት ነው የጨረሱት። ከፊታቸው የነበረው መኪና ከደንብ ውጭ ሆኖ ስለ ተገኘ ከተሰረዘ በኋላ ሦስተኛነቱ ተሰጣቸው። እንዲህ ያለ ሦስተኛነት ለሲኒማ አይመችም፤ ክብሩ ግን አያንስም።

«ፊልም ፊልም ነው፤ ታሪክ ካልተሳጠረ በሁለት ሰዓት አያልቅም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ቃሉ ግማሽ እውነት አለው። ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ፣ አራት ውድድሮችን በአንድ ማሳጠር፣ ያልነበረ አሠልጣኝ መጨመር፣ ይህ ሁሉ ለቴአትር ጸሐፊ የተፈቀደ ነው። እኛም ለትምህርት ቤታችን ቴአትር ስንጽፍ ይህን እናደርጋለን። ደግሞም አደጋው ከፊልሙ እንዳይቀር አጥብቆ የፈለገው ያን ራሱ እንደ ነበረ ተናግሯል። ይህን በማድረጉ የሚመሰገን ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። የደረሰበትን ነገር መደበቅ ከሁሉ የከፋ ይሆን ነበር።

ነገር ግን ማሳጠር ሌላ ነው፤ ምክንያትን መለወጥ ሌላ ነው። ፊልሙ ዓመታቱን ሲያገላብጥ፣ የአንድ ሰው ሞት ለሌላው ሰው ድል ምክንያት ሆነ። ለመዝናናት ከቤቱ የወጣ፣ ከአጥሩ ኋላ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ሌላው የሚወጣበት የመሰላል ደረጃ ሆነ። ሰውዬው የራሱ ስም፣ የራሱም ቤተ ሰብ ነበረው። የሱ ሞት ለማንም ድል አልጠቀመም። በከንቱ የሞተውን ሰው «ለዚህ ሲባል ሞተ» ብሎ መናገር ኀዘንተኛውን አያጽናናም።

ከዚህም በላይ እኛ ተመልካቾቹ አንድ ነገር ቀርቶብናል። የፊልሙ ትምህርት «መከራ ከድል በፊት ይመጣል፤ ታገሥና ዘውዱን ትቀበላለህ» የሚል ነው። ይህ ትምህርት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀላል ነው። ከፊቱ ሽልማት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መከራን መታገሥ ይችላል። ያን በእውነት የደረሰበት ግን ከዚህ ይከብዳል። እሱ ሽልማቱን አስቀድሞ ተቀብሎ ነበር። በ2013 ስሙ ተጠራ፤ በ2014 ደግሞ ጂ ፒ 3 በተባለው ውድድር በጀርመን አገር ሆከንሃይም ላይ አሸነፈ። ሁሉ ነገር የተሳካለት በመሰለበት ሰዓት፣ በ23 ዓመቱ፣ ያ አደጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የክብር ሰገነት አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረገ? በዚያው ዓመት በጁን 2015፣ አደጋው ከደረሰ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ወደ ሌ ማን ተመልሶ ገባ። ፊልሙ ይህን ውድድር አያሳየንም፤ መኪናዋ ውድድሩን ሳትጨርስ ቀርታለችና! ጭብጨባ አልነበረም፤ ሙዚቃ አልነበረም። ከዚያ ወደ ጃፓን አገር ሄዶ ከ2016 እስከ 2020 ድረስ እዚያ ሲወዳደር ቆየ። እኔን በጣም የነካኝ ይህ ነው። ዘውድ ለመቀበል ሳይሆን፣ ሥራው ስለ ሆነ ብቻ፣ ልቡ የከበደውን ያህል ከብዶት፣ ማለዳ ተነሥቶ እንደ ገና መሪውን የያዘው ሰው፣ በሰገነት ላይ ከቆመው ሰው ይልቅ ጀግና ነው።

ዳዊትን ቀደም ብዬ ጠቅሼው ነበር። የሱም ታሪክ እንዲሁ መሆኑን አስተውሉ። ጎልያድን የጣለው በመጀመሪያ ነው። ሳኦል እያሳደደው በዋሻ ለዋሻ የተንከራተተው ከዚያ በኋላ ነው። የጻፈው ሰው ታሪኩን ለማሳመር ብሎ ስደቱን ወደ ፊት፣ ድሉን ወደ ኋላ አላደረገውም። እንደ ሆነው ጻፈው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ድረስ በመከራ ላይ ያለ ሰው ያነበዋል።

ውድ ጓደኞቼ፣

እኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናችንን ወስደን ከዚህ እንወጣለን። ከመካከላችን የሚያልፉ ይኖራሉ፤ በዚያን ቀን ቤታችን በእልልታ ይሞላል። እኔ የምፈራው ፈተናውን አይደለም። እኔ የምፈራው፣ እልልታው ካለፈ በኋላ ባለው ዓመት ለሚመጣው ነገር ሳንዘጋጅ መቅረታችንን ነው። ሁልጊዜ «እስከ ማለፍ ድረስ ታገሡ» ተብለን ነው የተማርነው፤ ከማለፍ በኋላስ? ምስክር ወረቀት ከበሽታ አያድንም፤ ከወዳጅ ሞት አያድንም፤ እኛ ሳናስበው በእጃችን በሌላው ላይ ከሚደርስ ጉዳትም አያድንም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ እውነት ነው። ጥምጥሙ ከታሠረ በኋላም ግን መማር አይቀርም። በዚያን ጊዜ የያንን እውነተኛ ታሪክ እንድታስቡት እለምናችኋለሁ፤ ድሉ ቀደመ፣ ፈተናው ተከተለ፣ እሱም ሥራውን ያዘ።

አንድ ቃል ደግሞ ይህን የበዓል መጽሔት ለምናዘጋጀው ተማሪዎች ልናገር። እኛም አሁን የትምህርት ቤታችንን ታሪክ እየጻፍን ነው። ለበዓል የሚጻፍ ታሪክ ሁሉ እንደ ፊልሙ ይፈተናል፤ ችግሩን ሁሉ ወደ መጀመሪያው፣ ክብሩን ሁሉ ወደ መጨረሻው ማድረግ ያምረዋል። እኛ ግን ዓመታቱን በየቦታቸው እንተዋቸው። የደስታው ዓመት የመጣው ከኀዘኑ በፊት እንደ ሆነ፣ እንዲያው እንጻፈው። ከመካከላችን የተለየን ሰው ካለ፣ ለእኛ ታሪክ ጌጥ እንዲሆን ሳይሆን፣ ስለ ራሱ ክብር ስሙን እንጥራ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን መጽሔት ገልጦ የሚያነብ ተማሪ የራሱ መከራ በተራው ሲደርስበት፣ የሚጠቅመው ያማረው ታሪክ ሳይሆን የሆነው ታሪክ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላልና፣ እኛ ብናገላብጠውም አንድ ቀን ሌላ ሰው ዓመታቱን ቆጥሮ ይደርስበታል።

ፊልሙን ያላያችሁት እዩት፤ የድካም ዋጋን ያሳያችኋልና ጊዜያችሁ በከንቱ አይጠፋም። ነገር ግን መብራቱ በርቶ ከመቀመጫችሁ ስትነሡ፣ የመጨረሻውን ጭብጨባ ትታችሁ ሁለት ዓመታትን በልባችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ 2013 እና 2015ን። የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ያለው በነዚህ በሁለቱ ዓመታት ተራ ውስጥ ነው።